የቀትር ባንድ

ድሬዳዋ ቀትር ላይ ትተኛለች። ሱቁ ይዘጋል፣ ባጃጁ ጥላ ይዞ ይቆማል፣ ሰው ሁሉ ቤቱ ገብቶ ማራገቢያ ሥር ይጋደማል። አብሺር ግን በዚያ ሰዓት ባጃጁን ደጅ አቁሞ ክፍሉ ይገባና ማራገቢያውን ያጠፋል። ማይክሮፎኑ ከሚጫወተው ባለ ክር መሣሪያ፣ ከኡዱ፣ እኩል የማራገቢያውን ጉርምርምታ ስለሚቀዳ፣ በእሱ ቤት ሙዚቃ የሚቀዳው በላብ ነው። ግድግዳው ላይ ድምፅ እንዳያስተጋባ ብርድ ልብስ ሰቅሏል። በድሬ ብርድ ልብስ ሌላ ሥራ የለውምና ማንም አልጠየቀውም።

ኡድ ያስተማረው አባቱ ነው። አባቱ በሕይወት ሳለ የሠርግ ባንድ ነበረው፤ ዛሬ ከጓደኞቹ ከፊሉ ሞቷል፣ ከፊሉ ጅቡቲ ገብቶ ቀርቷል። አሁን ደግሞ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ የምትሰፋው እህቱ ሱሀይራ ልትዳር ነው። የመግቢያዋን ዘፈን እኔ እሠራለሁ ብሎ ለዘመድ ሁሉ ተናግሯል፤ እሷም ከወንድሜ ኡድ ሌላ በምንም አልገባም ብላለች።

ያስቸገረችው ኤዶ ኑርቶ፣ የአባቱ እህት ነበረች። ቀፊራ ገበያ ቅመም ትሸጣለች፤ በዘመድ ሠርግ የሴቶቹን ጭብጨባ የምትመራው፣ የሚዘፈነውንም የምትመርጠው እሷ ናት። የመጀመሪያውን ቅጂ ዓይኗን ጨፍና ሰማች። በነሱ ወግ የአባት እህት «ኤዶ» ትባላለች፤ የወንድሟን ልጅም የምትጠራው በዚሁ በራሷ መጠሪያ ነው።

«ጥሩ ነው፣ ኤዶ» አለችው። «ግን አንድ ሰው ብቻውን ተቀምጦ ሲተክዝ ነው የሚሰማኝ። ሙሽራ እንዲህ አትገባም።»

እስከ ሠርጉ ሳምንት ዘፈኑ ካልገዘፈ፣ ሱሀይራ የምትገባው ዲጄው ባመጣው ዘፈን እንደሚሆን ቁርጡን ነገረችው።

አብሺር ያንኑ የኡድ ድምፅ ኮምፒውተሩ ላይ እየገለበጠ ደራረበው። ድምፁ ጮኸ እንጂ አልበዛም። አብሮት ባጃጅ የሚነዳው ዒልሚ ጆሮውን ሰጥቶ አዳመጠና ፈረደ፤ «ቅድም ይተክዝ ነበር፤ አሁን ተናደደ።»

ሴቶቹ ጭብጨባ ሊለማመዱ ግቢው የተሰበሰቡ ዕለት፣ አብሺር ባጃጁን እያጠበ ያያቸው ነበር። አንዲት ልጅ የኑርቶን እጅ እያየች ልክ እንደሷ ታጨበጭባለች። ኑርቶ አስቆመቻት።

«የኔንማ እኔው እያጨበጨብኩት ነው። አንቺ የራስሽን አምጪ።»

ከዚያ አንዷን መዳፏን እንድታጎደጉድ፣ ሌላዋን እንድትዘረጋ፣ ሌላዋን በጣቶቿ ብቻ እንድትመታ አዘዘች። አብረው ጀመሩ። አብሺር የሳሙናውን ጨርቅ እንደያዘ ጠጋ ብሎ አዳመጠ። የአንዷ እጅ ከሌላዋ በፀጉር ስንጥቅ ይቀድማል ወይም ይዘገያል፤ ግቢውን የሞላው ያ ክፍተት ነበር።

ባጃጁን በአረፋው ትቶ ገባ። የገለበጠውን ሁሉ አጠፋ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየቀትሩ ዘፈኑን እንደ አዲስ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተጫወተው፤ አንዴ ከጀሪካን ቆርጦ ባበጀው መምቻ፣ አንዴ በአውራ ጣቱ፣ አንዴ በወፍራሙ ክር ወርዶ፣ አንዴ ከማይክሮፎኑ ርቆ በሩ ጥግ ቆሞ። ሲሳሳት ያቆማል፤ ትንሽ ሲዘገይ ግን ዝም ብሎ ይቀጥላል። ጀሪካኑን ራሱን ገልብጦ ከበሮ አደረገው። በመጨረሻም መዳፉን አጎድጉዶ አጨበጨበ። ሁሉንም አንድ ላይ ሲከፍት፣ ከድምፅ ማጉያው የወጣውን ሰምቶ ከወንበሩ ተነሣ።

በሠርጉ ሳምንት ግቢው ውስጥ አሰማቸው። ሴቶቹ ሳይታዘዙ ማጨብጨብ ጀመሩ። ኑርቶ ግን እጇን አንሥታ ቆመች፤ ከዚያ ወደ ክፍሉ ሄዳ በሩን ገፋችው። አንድ ወንበር፣ አንድ ኡድ፣ የተሰቀለ ብርድ ልብስ።

«ያን ሁሉ ሰው አምጥተህ ሳታበላ ሰደድከው? ምን ይሉናል?»

«ሁሉም እኔ ነኝ፣ ኤዶ።»

ወደ ሴቶቹ ዞረች። «አባቱን ከነባንዱ አስመጥቶታል» አለች። «ዲጄው የራሱን ለራሱ ያጫውት።»

ሱሀይራ በዚያ ዘፈን ገባች። ደጅ የቆሙት ባጃጅ ነጂዎች ባንዱን ለማየት እየተንጠራሩ መድረኩን ፈለጉ። አብሺር ከሰው መሀል ቆሞ ያጨበጭብ ነበር።

ምሳ ሲቀርብ ኑርቶ ራሷ ሩዝና ሥጋ የተከመረበት ትልቅ ትሪ ተሸክማ መጣች፤ ለአንድ ሰው የሚሆን አልነበረም። ፊቱ አስቀመጠችው።

«የባንዱ ነው» አለችው። «የሁሉንም ድርሻ ትበላለህ።»