የሰባት ቀን መርፌ

ድንገተኛ ክፍል በነርስነት ስሠራ እጄ ፈጣን ነበር፤ ምላሴም እንደዚያው። ከከሚሴ ዙሪያ ሳል ይዞት የመጣ ሁሉ በእኔ ተረኝነት የሴፍትሪያክሶን መርፌ ሳይወጋ አይመለስም። ያልተወጋ ሰው ታከምኩ ብሎ አያወራማ።

በኋላ አንድ ወጣት ሐኪም ተመደበልን። ግድግዳው ላይ ወረቀት ለጠፈ፤ የሳንባ ምች የያዘው ሰው ትንፋሹ ይቆጠር፣ ኦክስጅኑ ይለካ፣ ያልጠናበት ኪኒኑን ይዞ ቤቱ ይሂድ፣ መርፌው ተኝቶ ለሚታከም ይቆይ የሚል። እኔ ደግሞ "ይሄ ልጅ መርፌ ይፈራል መሰለኝ" እያልኩ ክፍሉን አስቅ ነበር።

በማሽላ አጨዳ ሰሞን ከጨፋ ሮቢት አንድ ሸምገል ያሉ ገበሬ መጡ። ሳልና ትኩሳት አለባቸው፤ ግን በእግራቸው ገብተው "አካም ጂርቱ" ብለው ሁላችንንም ሰላም አሉን። ሐኪሙ መረመራቸውና አሞክሳሲሊን ኪኒን ጻፈላቸው። ወረቀቱን ይዘው ወደ እኔ መጡ።

"ልጄ፣ ለኪኒንማ ይሄን ሁሉ መንገድ መጣሁ? መርፌዋን አድርግልኝ።"

ወደ ሐኪሙ ዞርኩና "ትልቅ ሰው እንዲህ ይሸኛል እንዴ?" አልኩት፣ ወረፋ የሚጠብቀው ሁሉ እየሰማ። ሐኪሙ አንገቱን ደፋ። ኪኒኑን ሰርዞ የሰባት ቀን መርፌ ጻፈ። ሽማግሌው "ገላቶሚ ልጄ፣ አላህ ያክብርህ" ብለው አመስግነው መረቁኝ፤ እኔም ደረቴን ነፍቼ ወጋኋቸው።

ሁለት ቀን መጡ፣ በሦስተኛው ቀሩ። ማሽላቸው ሜዳ ላይ ነው፤ ከሮቢት በየቀኑ እንዴት ይመላለሳሉ? ይህን ለመጠየቅ አንድ አፍታ ይበቃኝ ነበር፤ አልጠየቅኩም። ኪኒኑ ቢሆን ኪሳቸው ገብቶ አብሯቸው ማሳ ይውል ነበር። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላል፤ የእኔ መከራ ግን በሌላ ሰው ላይ አረፈ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

በሳምንቱ ልጆቻቸው ተሸክመው አመጧቸው። ወደ ደሴ ላክናቸው፤ ሳይደርሱ አረፉ። ከመሄዳቸው በፊት፣ አምቡላንሱ እስኪዘጋጅ፣ ኦክስጅን አድርጌላቸው አጠገባቸው ቆሜ ነበር። ጭምብሉን ገለጥ አደረጉት።

"ልጄ፣ አውፍ በለኝ። መርፌዬን አቋርጬ አስቀየምኩህ።"

ጥፋቱ የእኔ ነው ልላቸው አፌን ከፈትኩ። ሐኪሙ ከጎኔ ቆሞ ያየኛል፤ አፈርኩ።

"አውፍ ብያለሁ አባባ" አልኳቸው።