የመብራት ቤቱ ዘይትና የጊፋታው ሰንጋ

ሶዶ ገበያ ውስጥ ባዶ በርሜልና አሮጌ ብረት እነግዳለሁ። ትምህርቴ አፍንጫዬ ነው። በርሜል ከመግዛቴ በፊት ክዳኑን ከፍቼ አሸታለሁ፤ ባለቤቱ የሚደብቀኝን አፍንጫዬ ይነግረኛል።

አንድ ዓመት ክረምት ሊገባ ሲል የመብራት መሥሪያ ቤቱ እኛን ነጋዴዎች ሰበሰበን። ግቢው ውስጥ የተቃጠሉ ትራንስፎርመሮች ተከምረዋል፤ ከሆዳቸው የወጣው ዘይት በበርሜል ተሞልቶ አጥሩ ሥር ተደርድሯል። ኃላፊው፣ "ብረቱን የሚገዛ ዘይቱንም አብሮ ይውሰድልን። የእኛ ሥራ መብራት ማብራት ነው እንጂ ቆሻሻ መጠበቅ አይደለም" አለ።

ከሌላ ከተማ ተመድቦ የመጣ ወጣት ኢንጂነር ተነሣ። "የእኛ ነው፣ እኛው ጋ ይቆይ። አሮጌ ዘይት መርዝ ሊኖርበት ይችላል፤ ይሄ ደግሞ አልተመረመረም። በቆዳ ይገባል፤ ከገባም ስብ ውስጥ ይቀመጣል እንጂ ቶሎ አይወጣም።"

እኔም እጄን አወጣሁ። "ጌታዬ፣ መንግሥት ሳይለመን የሚሰጠኝን ነገር እፈራለሁ። ብረቱን ለብቻው ካልሸጣችሁልኝ ይቅርብኝ።"

ተሳቀ። "አንተ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው የፈራኸው?" አለኝ አንድ የሙያ ጓደኛዬ። ብረቱንም ዘይቱንም ጠቅልሎ የወሰደው እሱ ነው። ብዙም ሳይቆይ ዘይቱ በውሃ ፕላስቲክ እየተሞላ፣ እስከ ሻንቶ ድረስ፣ የመዥገር መድኃኒት ተብሎ ሲሸጥ ሰማሁ።

እዚህ ወላይታ ለዘመን መለወጫችን ለጊፋታ የሚታረድ ሰንጋ እንደ ሙሽራ ነው። ጎረቤት ለቅርጫ አዋጥቶ አስቀድሞ ይገዛዋል፤ አንዱ አባል ደጁ አስሮ ያደልበዋል። ቆዳው መስተዋት ካልመሰለ የአድላቢው ስም ይጠፋል። የእኛን የሚያደልቡት የሰፈራችን ሽማግሌ ነበሩ። በዓሉ ሲቃረብ ልናይ ሄድን። በሬው ያበራል። ጀርባውን ዳበስኩትና እንደ ልማዴ እጄን አሸተትኩ። የዚያ የመብራት ቤት ግቢ ሽታ ነው።

"ጋሼ፣ ምን ቀብተውት ነው?"

"የመዥገር መድኃኒት ነዋ! ክረምቱን ሙሉ ስቀባው ነው የከረምኩት። ምነው፣ ቀናህ?"

ኢንጂነሩ ያለውን ነገርኳቸው። የሁላችንም ልጆች የሚጠብቁት የዚህን በሬ ሥጋ ነው።

"እንቅበረው" አልኩ።

"የደለበ ሰንጋ የሚቀብር ወላይታ አይተህ ታውቃለህ?" አሉ ሽማግሌው። "ወደ በዴሳ ገበያ ይወጣል፤ በምትኩ ሌላ ይገዛል።"

"ጋሼ፣ የመብራት ቤቱ ኃላፊም እንዲሁ ነው ያለው።"

"ኃላፊ እኮ ዝም ብሎ አይሾምም።"

በነጋታው ሽማግሌውና ሌሎች የቅርጫው አባላት ወሰዱት። የገዛው ሰው ቆዳውን እያደነቀ ሄደ አሉ። እነሱም ሌላ ሰንጋ እየነዱ ተመለሱ፤ ሻኛው የተቆለለ፣ ቆዳው ልክ እንደዚያኛው የሚያበራ።

የእርዱ ዕለት ማለዳ ዙሪያውን ቆምን። ቢላዋ ይሳላል፣ ልጆች ሳህን ይዘው አጥሩ ላይ ተንጠልጥለዋል። ሁሉም በሬውን በዓይኑ ብቻ ያደንቃል፤ እጁን የዘረጋ ግን የለም። ጠጋ አልኩ።

"አንተ፣ እጅህን ሰብስብ!" አሉ ሽማግሌው። "ዛሬ እንኳ በዓላችንን አታሽትብን።"

እጄ ግን ጀርባው ላይ አርፎ ነበር። ወደ አፍንጫዬ ሳነሣው ሁሉም ፊታቸውን አዞሩ።