ክሬሞናዎቹና የእኔ ኮላ

ልጄ ቫዮሊኑን ከአስተማሪዋ በውሰት ያመጣችው ዕለት፣ በሆዱ ቀዳዳ አጮልቄ አየሁ። ውስጡ የተለጠፈው ወረቀት «ክሬሞና» ይላል። ቫዮሊን በመሥራት ስሟ የገነነ የጣልያን ከተማ ናት አለችኝ። እኔ ደግሞ ወደ ባሕር ማዶ ሳልሻገር አዲስ አበባ ሃያ ዓመት አናጺ ነበርኩ፤ የእንጨት ነገር ሰው ሲያስተምረኝ ደሜ ይፈላል።

«እንጨት ያው እንጨት ነው» አልኳት።

በዚያ ቫዮሊን በብርዱ ወራት መጨረሻ ለዩኒቨርሲቲ የሙዚቃ ክፍል ልትፈተን ነበር። ከልጅነቷ ጀምሮ ሌላ ነገር ተመኝታ አታውቅም።

«ዳዲ፣ ፕሊስ፣ መኪና ውስጥ እንዳትተወው፣ ኦኬ?» ትለኝ ነበር።

ተውኩት። በዚህ አገር የነሐሴ ሙቀት፣ ሪቻርድሰን ከተማ ካለው ልምምዷ ወደ ሥራዋ ስትሄድ ቤት አድርስልኝ ብላ ሰጠችኝ። ሱቅ በር ላይ ፓርክ አድርጌ፣ አንድ ያገሬ ሰው አግኝቼ፣ ወሬ ሲጥመኝ መቼ ሰዓት አያለሁ! ስመለስ የመኪናው እጀታ ይፋጃል። ሣጥኑን ከፈትኩ። የቫዮሊኑ ፊት ከጎኑ ተላቋል፤ ጥፍር ያስገባል።

ብነግራት ምን ነበረበት? ኩራት ያዘኝ። ጋራዥ ገብቼ በጠንካራ የእንጨት ኮላ ለጠፍኩት፤ በሞርሴቶ ብረት አጥብቄ አሰርኩት። ማታ አንስታ ተጫወተች።

«ድምፁ ትንሽ ታፍኗል» አለች።

«ከአየሩ ነው» አልኳት።

ከዚያ ወዲህ ስትለማመድ ቁጭ ብዬ መስማት አቃተኝ። ብርዱ ገብቶ ማሞቂያው ሲበራ የቤቱ አየር ደረቀ፤ በሮቹ በተንቋቁ ቁጥር ሄጄ የቫዮሊኑን ሣጥን እከፍት ነበር። ለፈተናው ሁለት ሳምንት ሲቀር፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሳሎን ስትጫወት «ቋ» አለ። የፈሩት ይደርሳል። የቫዮሊኑ ፊት ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል።

ካሮልተን ወዳለ አንድ ሽማግሌ የቫዮሊን ጠጋኝ ወሰድነው። መብራት አስጠግቶ ጠርዙን ዳሰሰ።

«ክሬሞናዎቹ ሠሪዎች ከቆዳ የሚሠራ ደካማ ኮላ የሚጠቀሙት አውቀው ነው» አለ። «እንጨቱ በሙቀት ወይም በድርቀት ሲጨንቀው ኮላው ይለቃል፤ እንጨቱ ይተርፋል። ይሄኛውን ግን አንድ ሰው በጠንካራ ኮላ እንዳይለቅ አድርጎ ለጥፎታል። ለፈተናሽ አይደርስም። እንደ ድሮው መሆኑንም እንጃ።»

«ማነው የነካው?» ብሎ ጠየቃት።

ልጄ እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። ወደ እኔ ዞር እንኳ አላለችም።

«ማንም» አለችው። «ቤት ያለነው እኔና አባቴ ነን። እሱ አናጺ ነው፣ እንጨት ያውቃል። ነክቶት ቢሆን ይነግረኝ ነበር።»

እጄን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ።