የየኔታ ሁለተኛ ዓይን

ያሳደጉኝ አጎቴ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበሩ። ዝምድናውን ወደ ጎን ትቼ እንደ ሌሎቹ ተማሪዎች "የኔታ" እላቸው ነበር፤ እሳቸውም ዝምድናውን ወደ ጎን ትተው እንደ ሌሎቹ ተማሪዎች ይገርፉኝ ነበር። የምንኖረው መንዝ ውስጥ፣ የገብሱ ማሳ አልቆ የጓሳ ሣር ሜዳ በሚጀምርበት መንደር ነበር።

ከሁሉ በፊት ያስተማሩኝ ሕግ አንድ ነው። ጻድቅ በሁለት ዓይን ይሣላል፣ ኃጥእ በአንድ። ቅዱሳኑ ፊታቸውን ሙሉ ለሙሉ ወደ ምእመኑ ያዞራሉ። ሰይጣን፣ ሰቃዮቹ፣ ሐሰተኞቹ ምስክሮች ግን ፊታቸው በጎን ነው፤ የሚታየው አንድ ዓይናቸው ብቻ ነው። ፊደል ያልቆጠረች ባልቴት እንኳ ግድግዳውን አይታ ማን እንደ ጸደቀና ማን እንደ ተኮነነ የምታውቀው በዚህ ነው። እኔ አንድ ቀን ጌታን ለሚገርፈው ወታደር ሁለት ዓይን ሣልኩለት። የኔታ ጣቶቼን በአርጩሜ እየለበለቡ "ልታጸድቀው ነው? አንተ ማን ነህና ታጸድቀዋለህ?" አሉኝ። ይህን የማነሣው ኋላ ላይ አላወቅሁም ነበር እንዳልል ነው።

ደርግ ወድቆ ኢሕአዴግ በገባ በጥቂት ዓመታት ውስጥ አዲስ አበባ ሄጄ ሥዕል መማር ጀመርኩ። ከፓስቴል ጋር የተዋወቅሁት እዚያ ነው። ፓስቴልን ለማያውቅ ሰው ጠመኔ ነው በሉት፤ ቀለም ያለው፣ ለስላሳ፣ ወረቀት ላይ አሽተው በጣት የሚያዋሕዱት። ሙጫ የለውም ማለት ይቻላል። እፍ ቢሉት ይቦናል፣ በክንድ ቢነኩት ክንድ ላይ ይቀራል። ክፍላችን ውስጥ በፓስቴል ያበድን አራት ነበርን። ሦስቱ ቅዳሜ ቅዳሜ እንጦጦ እየወጡ ባሕር ዛፍ ይሥላሉ። እኔ ናቅኋቸው። "እኛ አገር አፋፉ ላይ ቆመህ ቁልቁል ብታይ በረሃ ነው" እያልኩ ጉራዬን ነዛሁባቸው። ውሸት አልነበረም። ጓሳው በምሥራቅ በኩል ሲያልቅ መሬቱ ቁርጥ ይላል፤ አንተ ላይ ሆነህ በብርድ እየተንቀጠቀጥክ ከእግርህ ሥር የአፋር በረሃ በሙቀት ሲርገበገብ ታያለህ። ልጅ ሆኜ ግን አንድም ቀን ልብ ብዬ አይቼው አላውቅም። የእኛ ሰው በረሃውን የሚያየው የጠፋ ከብት ሲፈልግ ነው።

በሦስተኛው ዓመት የኔታ ደብዳቤ ላኩብኝ። የመንደራችን ቤተ ክርስቲያን በአዲስ መልክ ተሠርቶ፣ ቆርቆሮ ለብሶ አልቋል፤ የመቅደሱ ግድግዳ ግን ባዶውን ቆሟል። የኔታ ዕድሜ ልካቸውን ሌላ ሰው የሣለውን ሲያድሱ ኖሩ እንጂ አንድ ሙሉ ቤተ ክርስቲያን ሥለው አያውቁም። አሁን እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀምሯል፤ መሰላልም ከብዷቸዋል። ሐሳባቸው የታችኛውን እሳቸው፣ የላይኛውን እኔ እንድንሥል ነው። "ሰበካ ጉባኤው የልጁን እጅ ካላየን ብሏል" ይላል ደብዳቤው። "አንዲት ሥዕለ ማርያም ሥለህ ብታሳያቸው ሥራው የእኛ ነው። እጄ ሳይከዳኝ ድረስልኝ።"

ደረስኩላቸው። ማርያምን የምሥልበት አቡጀዲ ተወጥሮ ጠበቀኝ። ጉባኤው እስኪሰበሰብ ሦስት ሳምንት ነበረኝ። ሦስቱንም ሳምንት አፋፉ ላይ አሳለፍኩት።

ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ የታጠበበት ሰሞን ነበር። ጠዋት ጉሙ ሲገለጥ በረሃው ከሥር ብቅ ይላል፤ መጀመሪያ ሐምራዊ፣ ቀጥሎ አመድማ፣ ፀሐይ ከፍ ስትል ስም የሌለው ቢጫ። ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ አጠገቤ ሣር ይነጫሉ። ጣቶቼ በብርድ ደንዝዘው ቀለሙን በመዳፌ ነበር የማሸው። አንድ ቀን ቢጫው ወረቀቱ ላይ እየሣሣ ሄዶ ልክ እንደዚያ አቧራ ሲሆን ብቻዬን ጮህኩ፤ ጭላዶቹ ደንብረው ወደ ገደሉ ወረዱ። እንደዚያ ቀን ተደስቼ አላውቅም፣ ብዋሽ ምን ይጠቅመኛል።

በሁለተኛው ሳምንት የኔታ በትራቸውን ተደግፈው፣ በርኖሳቸውን ደርበው ሊያዩኝ መጡ። ዐቀበቱ አድክሟቸው ትንፋሻቸው ይቆራረጣል።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"በረሃው ነው፣ የኔታ።"

"በረሃውማ ያው እዚያ አለ። ምን ያደርግልሃል?" ጣታቸውን ወረቀቱ ላይ አሳርፈው አነሡት። ጣታቸው ቢጫ ሆኗል። "ሙጫ የለውም" አሉ፣ መርዶ የተረዱ ይመስል። "ሙጫ የሌለው ቀለም እምነት የሌለው ሰው ነው። ማርያምን መቼ ትጀምራታለህ?"

"ነገ" አልኳቸው።

ድንጋይ ላይ ዐረፍ ብለው በረሃውን ማየት ጀመሩ። ከጎናቸው ነበርኩ። ያ ረዥም አፍንጫ፣ ያ ሽበታም ጢም፣ ያ ጥቁር በርኖስ በዚያ ሁሉ ቢጫ ላይ! ወረቀት ቀየርኩ። ግማሽ ሰዓት አልፈጀብኝም። እስከ ዛሬ ከሣልኩት ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው።

የጉባኤው ዕለት ጠዋት አቡጀዲው እንደ ነጣ ነበር። የኔታ አልተቆጡም። "በል ያለህን አሳየኝ" አሉ። አሳየኋቸው። ራሳቸውን አዩ፤ አፍንጫውን፣ ትከሻውን፣ የእጃቸውን አጣጣፍ አንድ በአንድ መረመሩ። "እጅህ ጥሩ ነው" አሉኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ የጠበቅሁት ቃል ነበር። ቀጥለው "ሁለተኛውን ዓይኔን የት ጣልከው?" አሉ።

"በወዲያ በኩል ነው። በጎን የተቀመጠ ሰው አንድ ዓይኑ ነው የሚታየው።"

"እሱን እኔም አውቃለሁ። የጉባኤው ሰዎች ናቸው የማያውቁት። ፊቴን ትንሽ መልስልኝ። ጠመኔ አይደል? አሽተኸው እንደገና መሣል ነው።"

ትክክል ነበሩ። ሩብ ሰዓት የማይፈጅ ሥራ ነው። "ሥዕሉ ይበላሻል" አልኳቸው።

"እባክህ፣ ልጄ።"

የኔታ እባክህ ሲሉኝ የመጀመሪያቸው ነበር። ሊያራራኝ ሲገባ አደነደነኝ። ዐቅም ያገኘሁ መሰለኝ፣ ጣፈጠኝም። "እርስዎ የሚያውቁት የግድግዳ ሥዕል ነው። ይህ ሌላ ነው፤ አይገባዎትም" አልኳቸው። ጥምጥማቸውን አስተካክለው ተነሡ። መንገድ ላይ "እንግዲህ ፊቱን ተዉት፣ እጁን እዩ እላቸዋለሁ" ብለው ለራሳቸው ሲያወሩ ሰማሁ።

ጉባኤው ከቅዳሴ በኋላ በቅጽሩ ውስጥ ጥዱ ዛፍ ሥር ተቀመጠ። የደብሩ አለቃ ሥዕሉን ተቀብለው "እሰይ፣ በረሃው ራሱ!" አሉ። ደስ አለኝ። ከአለቃው ቀጥሎ የተቀመጡት ሽማግሌ አንገታቸውን አስግገው አዩ። እኚህ ሽማግሌ የኔታን አይወዱም። ሥዕል የሚያውቅ ክታብ ያውቃል፣ ክታብ የሚያውቅ ሌላም ያውቃል ይባላል አገራችን፤ ሽማግሌው ሴት ልጃቸው ታማ በሞተች ጊዜ ማንን እንደ ጠረጠሩ ሁሉም ያውቃል፣ በአፉ የሚያወጣው ግን አልነበረም።

"ይሄ ሰውዬ የኔታ አይደሉም እንዴ?" አሉ ሽማግሌው። "ታዲያ አንደኛው ዓይናቸውን ምን በላው?"

አንድ ሁለት ሰው ሣቀ፤ የቀሩት አልሣቁም። የኔታ "እጁን ነው እንድታዩልኝ..." ብለው ጀመሩ። ሽማግሌው አላስጨረሷቸውም። "እኛ በሆዳችን ይዘነው የኖርነውን እነሆ የገዛ ልጃቸው ሣለው!"

አለቃው ደግ ሰው ነበሩ። እጃቸውን አንሥተው ጉባኤውን ዝም አሰኙና ወደ እኔ ዞሩ። "ልጄ፣ ይህን የሣልከው አውቀህ ነው ወይስ ሳታውቅ?"

በሩን ከፍተውልኝ ነበር። "ሳላውቅ ነው አባቴ" ብል በሣቅ በስላቅ ያልቅ ነበር፤ የኔታም "ሰነፍ ተማሪ ነው" ብለው ይገላግሉኝ ነበር። የኔታ አዩኝ። ምን እንድል እንደ ፈለጉ ፊታቸው ላይ ተጽፏል። እኔ ግን አዲስ አበባ ሦስት ዓመት የተማርኩ ሰው ነኝ፤ በገበሬ ፊት አላወቅሁም ልበል?

"አውቄ ነው" አልኩ።

የፈለግሁት ሕጉን ዐውቃለሁ፣ ይህ ግን ሌላ ዓይነት ሥዕል ነው ለማለት ነበር። ላስረዳ አፌን ስከፍት ሽማግሌው እያማተቡ ነው፤ ከኋላ ያሉት ተነሥተው ቆመዋል። ካፍ ከወጣ አፋፍ ይሉት እንዲህ ያለውን ነው። አለቃው ወረቀቱን ቀስ ብለው አጥፈው የኔታን አዩ፤ ከዚያ መሬት መሬት። ኃጥእ ነው ተብሎ የተመሰከረበት ሰው መቅደስ አይሥልም። ሥራው ደብረ ብርሃን ለሚኖር ሠዓሊ እንዲሰጥ ተባለ። "ሥዕሉ እኛ ዘንድ ይቆይ" ሲሉኝ ያደነቁልኝ መስሎኝ ሰጠሁ።

ወደ ቤት ስንመለስ የኔታ ከፊት ከፊት ሄዱ። ደጃፉ ላይ ሲደርሱ ዞረው "አውቀህ ነው?" አሉኝ።

"ሕጉን ማለቴ ነው።"

"ሕጉንማ ያስተማርኩህ እኔ ነኝ" አሉና ገቡ። ራት አቀረቡልኝ። አቡጀዲውን ከውጥሩ ፈትተው አጣጠፉት። ማግስቱን ስነሣ የበረሃ ሥዕሎቼን እንዳይቦኑ በጨርቅ ጠቅልለው ጫፉን ሰፍተው አገኘኋቸው። ያን ያደረጉት ሳይናገሩኝ ነው፤ እኔም ሳላመሰግን ሄድኩ።

አዲስ አበባ ሥዕሎቹ ተወደዱ። ዐውደ ርእይ ቀረቡ፣ "ባለ በረሃው" የሚል ስም ወጣልኝ። ሰው ወይን እየጠጣ "ይህን ሁሉ ምን አሣለህ?" ሲለኝ ስለ ብርሃን እቀባጥር ነበር። ወደ መንዝ ሳልሄድ ሦስት ዓመት አለፈ። ደብዳቤም አልጻፍኩም። ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነብኝ።

የተመለስኩት የኔታ ሞተው ለአርባቸው ተዝካር ነው። ዓይኔን በጨው አጥቤ ገባሁ። የተቆጣኝ አልነበረም፤ ለካስ የከተማ ሰው ተብዬ እከበራለሁ። አለቃው እጄን ይዘው "ና ቤተ ክርስቲያኑን እይ፣ ተሥሎ አልቋል" አሉኝ።

ወንዶች በሚቆሙበት በኩል ያለው ግድግዳ ላይ ነዌ ባለጸጋው ተሥሏል፤ ደጁ ላይ በረሃብ ያለቀውን አልዓዛርን ዐይቶ እንዳላየ ያለፈው፣ ሲኦል ወርዶ የጣታችሁን ጫፍ ውኃ ነክራችሁ ምላሴን አቀዝቅዙልኝ እያለ የሚለምነው። ሲኦል በረሃ ሆኗል። በረሃው ፊት ጥቁር በርኖስ የደረበ፣ አፍንጫው የረዘመ፣ ባለ አንድ ዓይን ሰው ተቀምጧል። ሠዓሊው ወረቀቴን ፊቱ ዘርግቶ አንድም ሳያስቀር ነው የገለበጠው። ቢጫው የእኔ ቢጫ ነው።

መጀመሪያ የተሰማኝን ልናገር። ኮራሁ። የእኔ ሥራ መቅደስ ገባ አልኩ። አጎቴን እዚያ ላይ ያየኋቸው ከዚያ በኋላ ነው።

አለቃው ያወሩልኛል። "የኔታ ቦታቸው እዚሁ ሥሩ ነበር፤ አልቀየሩም። ልጆች 'ነዌ' ይሏቸው ጀመር። እጃቸው ከከዳቸው በኋላ ገብስ ሲቸግራቸው እንኳ 'ለነዌ ምን ጎደለበት' እያሉ የሚሣለቁ ነበሩ። የሰው ነገር! ኋላ ላይ አንድ ቀን ቤተ ክርስቲያኑ ባዶ ሳለ ብቻቸውን መሰላል ወጥተው ወደቁ። ዳሌያቸው ተሰብሮ ከዚያ አልተነሡም። ምን ሊያደርጉ እንደ ወጡ አልነገሩንም። ብሩሽ ይዘው ነበር። ግድግዳውን ግን አበላሹት፣ ይኸው።"

ከነዌ ጆሮ ኋላ፣ ቢጫው ላይ፣ ጥቁር መሥመር አለ። ሲነሣ ትንሽ ቅስት ሠርቶ ይሄዳል፣ ከዚያ ይንቀጠቀጣል፣ ከዚያ እስከ ወለሉ ቁልቁል ይዘረጋል። ለአለቃው ዝርክርክ ነው። እኔ ግን ያን ቅስት ዐውቀዋለሁ። የዓይን የላይኛው ቆብ ነው፤ ከአፍንጫው በኩል ተጀምሮ በአንድ ትንፋሽ የሚሳብ። ፊቱ ላይ ለሁለተኛ ዓይን የሚሆን ቦታ ስላልተውኩላቸው ከጆሮው ኋላ ጀመሩት።

"አንተ እጅህ የታመነ ነው" አሉኝ አለቃው። "ከሠዓሊው የተረፈ ቀለም አለ፤ እስቲ አጥፋልን። ለዚህ ብሎ ሰው ከደብረ ብርሃን አይጠራም።"

ዓይን ነው ልላቸው እችል ነበር። ዓይኑን ልጨርሰውም እችል ነበር። እንዲህ ካልኩማ ለምን እንደ ጀመሩት መናገር ይመጣል፣ እኔ ያን ዕለት ምን እንዳልኩም ይነሣል፤ ውጭ ደግሞ ሰው "የኔታ ያሳደጓቸው ሠዓሊ" እያለ ይጠብቀኛል። እርጥብ ጨርቅ ጠየቅሁ። መሰላሉን ወጥቼ መሥመሩን ከታች ወደ ላይ ጠረግሁት። ቅስቱ ላይ ስደርስ ቶሎ አልለቀቀም፣ በጥፍሬ ፈገፈግሁት። በላዩም ቢጫውን አመሳስዬ ቀባሁበት።

አለቃው ከታች ሆነው "እሰይ፣ አሁን ምንም አይታይም" አሉኝ። ወረድኩ፣ እጄን ታጠብኩ፣ ሄጄም ተዝካራቸውን በላሁ።