ታርቀን የተውነው ክስ

ባለቤቴ በሕይወቱ አንድ ሰው መትቷል፤ የመታውን ሰው ደግሞ ለልጃችን የክርስትና አባት አድርጎታል። መርሳ ውስጥ ይህ ማንንም አይገርምም። ተጣሉ፣ ሽማግሌ ገባ፣ ታረቁ፣ አበልጅ ሆኑ፣ አለቀ። አለማለቁን ያወቅሁት ባለቤቴ አሻራ ሊሰጥ ወልድያ ሄዶ፣ ጣቱ ጠቁሮ ፊቱም ጠቁሮ የተመለሰ ቀን ነው።

ባለቤቴ ሾፌር ነው። የሰው አይሱዙ ሲነዳ ነው የኖረው፤ ዛሬ ሚሌ፣ ነገ ደሴ፣ ከነገ ወዲያ የት እንደሚያድር ራሱም አያውቅም። እኔ አስፋልቱ ዳር ማንጎና ብርቱካን እሸጣለሁ። የእሱን መኪና በክላክሱ ስለምለየው፣ እስኪመጣ ድረስ ቀና ብዬም አላይ። በዚያ ሰሞን ወልድያ ያለ አንድ መሥሪያ ቤት በቋሚነት ለመቀጠር ፈተናውን አልፎ ነበር። ጡረታ ያለው ሥራ፣ ከሁሉም በላይ ማታ ማታ ቤት የሚያስገባ ሥራ። የቀረው ከወንጀል ነጻ መሆኑን የሚገልጽ ወረቀት ብቻ ነበር። እስከ ዓርብ ካላመጣ ተጠባባቂው እንደሚገባ ነግረውታል።

አሻራውን ሰጥቶ ሲጠብቅ፣ "ወንድሜ፣ ሀብሩ ወረዳ፣ መርሳ ጣቢያ በስምህ ያልተዘጋ መዝገብ አለ፤ እሱን አዘግተህ ና" ብለው መለሱት። በጦርነቱ ጊዜ የስንቱ የቤት ካርታ፣ የስንቱ የትምህርት ማስረጃ የት እንደገባ ሳይታወቅ ቀርቷል። የእኛ ጠብ ግን ተርፏል። ይህን ስሰማ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም።

ጠቡ እንዲህ ነው። ልጃችን ሳትወለድ በፊት አንድ የመርሳ መካኒክ የባለቤቴን መኪና ጠገነለት። ባለቤቴ "ናፍጣ የሚረጨውን ደህናውን ኖዝል አውጥተህ አሮጌ ከተህብኛል" አለ። መካኒኩ "አላደረግሁም" ብሎ በእናቱ ማለ። ክፉ ቃል ተለዋወጡ፣ ባለቤቴ በቡጢ አለው፣ የፊት ጥርሱ ወለቀ። መካኒኩ አፉን ይዞ ጣቢያ ሄደና ከሰሰ። ብዙም ሳይቆይ ሽማግሌዎች ገቡ። ባለቤቴ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ጠየቀ፣ መካኒኩም ይቅር አለ። ከሽማግሌዎቹ መሐል እስላምም ክርስቲያንም ስለነበረ ሥጋው ቀረና እኔ የሠራሁትን ምስር ወጥ ከአንድ ትሪ በሉ። በመጨረሻ ሁለቱን አስማሏቸው፤ ከእንግዲህ ይህን ነገር በአፉ ያነሳ እርቁን እንዳፈረሰ ይቆጠር፣ ርግማኑም በእሱ ላይ ይሁን ተባለ።

ጣቢያ ሄዶ መታረቃቸውን የተናገረ ግን አልነበረም። ምን ብሎ ይናገር? መናገሩ ራሱ ማንሳት ነው።

መሐላውንም እንደሆነ አክብረውታል። ልጃችን "ጥርስህ የት ሄደ?" ስትለው አበልጃችን "ሸንኮራ ስበላ ወለቀ" ይላታል። ባለቤቴም አጠገቡ ተቀምጦ "ሸንኮራ መጥፎ ነው" ይላል፣ ሳያፍር።

መርሳ ጣቢያ ያገኘነው ፖሊስ ልጅ እግር ነው፤ ትሑት። ከመደርደሪያው አቧራ ሲያራግፍ ቆይቶ መዝገቡን አገኘው። "ይህ በግል አቤቱታ የሚታይ ነገር ነው። ከሳሹ ራሱ ይምጣና ታርቀናል ብሎ ቃሉን ይስጥ፤ ዐቃቤ ሕጉ ይዘጋዋል። ቀላል ነው" አለን። ቀላል ነው ያለው ከሳሹን ስለማያውቀው ነው።

"በል ንገረው" አልኩት ባለቤቴን።

"እኔ አላነሳም" አለኝ። ሥራውን ለተጠባባቂው አሳልፎ ሊሰጥ ቆርጧል ማለት ነው። ወንዶች በዝምታ የሚያጠፉትን ሴቶች በአፋችን እንድናቃና የተፈረደብን ይመስለኛል፤ ነጠላዬን ጣል አድርጌ ጋራዥ ሄድኩ።

አበልጃችን መኪና ሥር ገብቶ እግሩ ብቻ ይታያል። ለእግሩ አወራሁለት።

"አበልጄ፣ ጣቢያ ሄደህ አንድ ቃል እንድትሰጥልን ነው።"

"ስለ ምን?"

"ታውቀዋለህ።"

"አላውቅም" አለ ከመኪናው ሥር።

"ስለ ጥርስህ ነው።"

እየተሳበ ወጣ። "ኧረ አንች ሴትዮ፣ ይህን ነገር አታንሽው!"

"እኔ አልማልኩም። ያን ቀን ወጥ ነው የሠራሁት፤ ማንም ያስማለኝ የለም።"

ሊስቅ ሞከረና ተወው። "ለእሱ ሥራ ብሎ ማንም የማያደርገውን አደርግ ነበር" አለኝ፣ "ይህን ግን አልችልም። ልጆች አሉኝ፣ ርግማን እፈራለሁ።" ላቡ በግንባሩ ይወርዳል። የፈራው ርግማኑን ብቻ መስሎኝ ነበር።

እውነቱን ለመናገር እኔም ፈርቻለሁ። ሥራው ቢቀር ሥራ ነው፤ ከዚህ ሰው ጋር ብንቀያየም ግን ልጄን ምን እላታለሁ? ሆኖም ዓርብ እየቀረበ ነው። ካስታረቋቸው ሽማግሌዎች በሕይወት ያሉት ወደ ውርጌሳ ግድም ያሉት አንድ አዛውንት ብቻ ናቸው አሉኝና በማግስቱ በሚኒባስ ወረድኩ።

ማሽላው እሸት የያዘበት ጊዜ ነው። አዛውንቱን ያገኘኋቸው ከእርሻቸው መሐል፣ ማማ ላይ ሆነው ወፍ ሲጠብቁ ነው። ጆሯቸው ደከም ብሏል። እኔ ከታች፣ እሳቸው ከላይ።

"እንደምን ዋሉ አባቴ!"

"አልሐምዱሊላህ። ማን ልበል?"

ማንነቴን ነገርኳቸው። አልሰሙም። ደግሜ ጮህኩ። እንዳይነሳ ርግማን የታሰረበትን ነገር፣ ከነጥርሱ ከነኖዝሉ፣ ማሽላ የሚጠብቅ አገር ሁሉ እየሰማኝ ወደ ላይ ጮህኩት። ከወዲያኛው ማማ አንድ ጎረቤት "ጥርሱን ነው ያለችው?" ብሎ ጠየቀላቸው። እሳቸው ሲገባቸው በእርጋታ ወረዱ።

"ፖሊሱ ሳይሰማ ነው እንዴ ያስታረቅነው?" አሉ።

"አዎ አባቴ።"

"ጥፋቱ የኛ ነው እንግዲህ። አብሽሪ ልጄ። ነገ እመጣለሁ ኢንሻ አላህ። ያሰርነው እኛ ነን፤ እኔ ባለሁበት ያንሱት። ግን አንድ ጊዜ ነው፤ ሲነሳም ሙሉው ይነሳ። ሲያበቃ እዚያው እናወርደዋለን።"

በበነጋው ሐሙስ ጣቢያ ተሰበሰብን። አዛውንቱ ወንበሩ ላይ፣ ሁለቱ አበልጆች አግዳሚው ላይ፣ እኔ በሩ ሥር። ፖሊሱ እስክሪብቶውን አዘጋጅቶ መካኒኩን "እሺ፣ ታርቃችኋል?" አለው።

"ቆይ" አሉ አዛውንቱ። "ሙሉውን ይናገር ብያለሁ። የሆነውን ተናገር ልጄ።"

መካኒኩ መሬት መሬት አየ። ከዚያ አንገቱን ሳያቀና "ኖዝሉን ቀይሬበታለሁ" አለ። "ደህናውን ለሌላ ሰው ሸጥኩት። በእናቴ የማልኩት በውሸት ነው። ድንጋይ መሸከም የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።"

የፖሊሱ እስክሪብቶ ቆመ። እኔ በልቤ ሥራውንም ክርስትና አባቱንም ቀበርኩ። ባለቤቴ ግልፍተኛ ነው፤ አንድ ጊዜ "በል ተወው፣ ክሱ ይቀጥል" ካለ ማንም አይመልሰውም።

"አንተስ?" አሉት አዛውንቱ። "ያንተም ሙሉው ይውጣ።"

"አውቅ ነበር" አለ ባለቤቴ።

ሁላችንም ዞርን።

"ኖዝሉን የገዛው ሾፌር ሐራ ከተማ ላይ ነግሮኛል። ልጅቱ ገና ስትወለድ፤ ክርስትና ሳትነሳ።"

መካኒኩ አፉን ከፍቶ አየው። "እያወቅህ ነው ልጅህን ያስታቀፍከኝ?"

"ታርቀን ነበር እኮ" አለው ባለቤቴ።

እንዴት ያለ ሰው አግብቻለሁ አልኩ። ስንት ዓመት አንድ ትራስ ላይ አብሮኝ ተኝቶ ለእኔ እንኳን አልነገረኝም። ልቆጣው ፈልጌ ነበር፤ እንባዬ ቀደመኝና በነጠላዬ ጫፍ ጠረግሁት። መካኒኩም ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ፖሊሱ ጉሮሮውን ጠረገና "የኖዝሉ ነገር ከኔ መዝገብ ውጭ ነው" ብሎ መታረቃቸውን ብቻ ጻፈ። አስፈረማቸው።

አዛውንቱ ሁለቱን አሳቅፈው፣ ትከሻ ለትከሻ አሳስመው፣ ነገሩን እንደገና አወረዱት፤ እንደገናም አስማሏቸው። ወደ እኔ ሲዞሩ ተሳቀቅሁ።

"ይችንስ?" አለ ባለቤቴ እየሳቀ።

"እሷን ተዋት" አሉ። "አፍ ያለው ሰው አንድ ይቅርልን።"

ዐቃቤ ሕጉ በዚያው ቀን መዝገቡን ዘጋው። ዓርብ ጠዋት ባለቤቴ መዝገቡ የተዘጋበትን ደብዳቤ ይዞ በመጀመሪያው ሚኒባስ ወልድያ ገባ። ከሰዓት በኋላ ስጠብቀው የማውቀው ክላክስ የለም፤ ከባጃጅ ወርዶ ወረቀቱን ከሩቅ እያውለበለበ መጣ። ሥራው የእኛ ሆነ። የሰፈሩ ሰው ማንጎውን ትቶ ወረቀቱን ያያል። አበልጃችንም እጁን በጨርቅ እየጠረገ ከጋራዥ መጣ፤ ዘይት እንዳይነካው በሁለት ጣቱ ይዞ፣ በባለቤቴ ስም ሥር ምንም ዓይነት ወንጀል እንደሌለበት የሚለውን መስመር ደጋግሞ አነበበው።

"እንዲህ ያለ ወረቀት ለእኔም ቢሰጡኝ" አለ ቀስ ብሎ።

ባለቤቴ ወረቀቱን ተቀብሎት አጠፈና ኪሱ ከተተው።

"አንተን ማን ከሰሰህ?" አለው።