የሂኔራው ብብት

ኤሩዌራ ሃምሳ ሁለት ዓመቱ ነው። በወንዝ ዳር ባለችው ትንሽ ከተማ ማዘጋጃ ቤት ተቀጥሮ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሣር አጭዷል። ከመናፈሻ ክፍሉ ሠራተኞች መካከል የአገሩ ነባር ሕዝብ የማኦሪ ተወላጅ እሱ ብቻ ስለሆነ፣ ባልደረቦቹ አንድ የማኦሪ ቃል በገጠማቸው ቁጥር ወደ እሱ ይዞራሉ። እሱ ደግሞ አላውቅም ማለትን አያውቅም። እውነቱን ለመናገር ግን ከአያቶቹ ቋንቋ የያዘው ጥቂት የምግብ ስም፣ የአንድ መዝሙር አዝማችና ሁለት ስድብ ብቻ ነበር። አለቃው ጀልባ ገዝቶ ስም ሲጠይቀው፣ «የማዕበል ንጉሥ ማለት ነው» ብሎ የሰጠው ቃል የስኳር ድንች ዓይነት መሆኑን የተረዳው ጀልባው ላይ በትልቁ ከተጻፈ በኋላ ነው።

እንዲህ እያለ ሲኖር ማዘጋጃ ቤቱ በአንድ የጥንት ኮሎኔል ስም ይጠራ የነበረውን የወንዝ ዳር መናፈሻ ወደ ቀድሞ ስሙ ለመመለስ ወሰነ። የኤሩዌራ ጎሳ ሽማግሌዎች ስሙን በወረቀት ጽፈው ሰጡ፤ «ቴ ኬኬ ኦ ሂኔራው»፣ የሂኔራው ብብት። ሂኔራው የጎሳው እናት ናት። ጎርፍ በመጣ ጊዜ ልጆቿን በብብቷ ሸጉጣ ያተረፈችው ወንዙ በሚታጠፍበት በዚያ ቦታ ነው። ሰሌዳውን ማን ያሠራ ሲባል፣ ሁሉም ወደ ዐዋቂው ዞረ።

ሰሌዳ ሠሪው ደወለለት።

«ስማ ኤሩዌራ፣ ከፊደሎቹ በላይ ያሉት ሁለት ሰረዞች ምንድን ናቸው? ይጻፉ ወይስ እስክሪብቶ አምልጧቸው ነው?»

ኤሩዌራ ሰረዞቹን ከዚህ በፊትም አይቷቸዋል፤ ለምን እንደሚደረጉ ግን ጠይቆ አያውቅም። አክስቱን ንጋሁያን ቢጠይቅ ነገሩ በአንድ ደቂቃ ያልቅ ነበር። ሆኖም የአክስቱ ሳቅ ወንዝ ተሻግሮ ይሰማል። ስለዚህ ጉሮሮውን ጠራረገና፣ «ጌጥ ናቸው፤ ተዋቸው። ሰሌዳው ጥርት ይበል» አለ። ስልኩን ሲዘጋ ኮራም።

የምረቃው ዕለት ሕዝቡ ጎህ ሲቀድ ተሰበሰበ። ሽማግሌዎቹ ጸለዩ፣ ከንቲባዋ ተናገረች፣ ሰሌዳው የተሸፈነበት ጨርቅም ተገፈፈ። ከዚያ ከፊት ከተቀመጡት አሮጊቶች የአንዷ ትከሻ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ኤሩዌራ «ምስኪን፣ ሆድ ብሷት ነው» ብሎ የራሱም ዓይን እንባ አቀረረ። ሊያጽናናት ጠጋ ሲል ሴትዮዋ አክስቱ ናት፤ የምታለቅስ ሳይሆን የምትስቅ።

«አንተ! ይህን ሰሌዳ ማን ነው ያሠራው?»

«እኔ ነኛ፣ አክስቴ።»

«ሰረዞቹስ?»

«የትኞቹ?»

«ያልተጻፉት ናቸዋ! ‹ኬኬ› ሰረዝ ሲኖረው ድምፁ ይረዝማል፣ ብብት ይሆናል። ሳይኖረው ኬክ ነው! ከጎርፍ ያዳነችን እናታችን ኬክ ቤት ከፈተች በለኛ!»

ረድፉ ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ከንቲባዋ ግራ ገብቷት «ምን አሉ?» ብላ እንዲተረጉምላት ወደ ኤሩዌራ ዞረች። መዋሸት ይችል ነበር፤ አፉም ለምዶታል። ዛሬ ግን እምቢ አለው።

«ክብርት ከንቲባ፣ ሰሌዳው ‹የሂኔራው ኬክ› ነው የሚለው። ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ማኦሪኛ አልችልም፤ ችዬም አላውቅ።»

«ጀልባዬስ?» አለ አለቃው ከኋላ።

«እሱን… ኋላ እናወራለን።»

ከሽማግሌዎቹ ትልቁ፣ ፓኮሮ፣ በምርኩዙ ተደግፎ ተነሣ። ሳቁ ቆመ።

«ልጄ፣ እኔና አባትህ ይህን ቋንቋ ትምህርት ቤት ውስጥ ስለተናገርን አብረን ተገርፈናል። አንተን ሳያስተምርህ የቀረው እንዳትገረፍ ብሎ ነው። ባለማወቅህ አታፍር።» ወደ ሰሌዳው እያመለከተ፣ «ባለመጠየቅህ ግን እፈር» አለው።

ኤሩዌራ አፈረ። አባቱ ስለዚያ ግርፊያ አንድ ቀንም ነግሮት አያውቅም ነበር። በማግስቱ መሰላልና ነጭ ቀለም ይዞ ሄዶ ሁለቱን ሰረዞች በገዛ እጁ ሣላቸው። አክስቱ ከታች ቆማ፣ «ወደ ቀኝ! አይ፣ ያንተ ቀኝ አይደለም!» እያለች አዘዘችው።

አሁን ማክሰኞ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ቋንቋ ይማራል። አብራው የምትቀመጠው ጡረታ የወጣች ስኮትላንዳዊት ነርስ ናት፤ እሷ ካጠገቡ ባትኖር የቤት ሥራውን ማን ያርምለት ነበር? በመጀመሪያው ፈተና ከአሥራ አራት ተማሪዎች አሥራ ሦስተኛ ወጣ። አንደኛ የወጣ ይመስል ለሰው ሁሉ ያወራል። አሥራ አራተኛው የዚያን ዕለት ታሞ እንዳልመጣ የሚናገረው አጥብቆ ለሚጠይቀው ብቻ ነው።