ነጋዴው የጸለየበት ስብሰባ

ዓመቱን በትክክል አላስታውሰውም፤ ብቻ በጃንሆይ ጊዜ ነው። ሆሳዕና ከተማ አካባቢ በአንዲት ትንሽ ሆስፒታል ቦርድ ውስጥ የገበሬው ተወካይ ነበርኩ። ለሆስፒታሏ ፍራሽ የሚሸጠው ነጋዴም የቦርዱ አባል ነው። ባለቤቴ በእሱ የሻገተ ፍራሽ ላይ ተኝታ የቀዶ ጥገና ቁስሏ አመርቅዟል። ታዲያ አዲስ ፍራሽ ከማን ይገዛ ሲባል፣ «ከእኔው ነው፤ በጸሎት እንዝጋ» ብሎ ራሱ ጸለየ! በእኛ ዘንድ ከአሜን በኋላ ክርክር የለም። እኔም አሜን አልኩ፤ እስካሁን ያንገበግበኛል። ግን ደሜ ፈላ።

«ጋሼ፣ በራስዎ ፍራሽ ላይ ሲወሰን ይውጡልን» አልኩት።

«ከጸሎት በኋላ ምን ትቀባጥራለህ?» ብሎ ሳቀብኝ። ሌሎቹ አንገታቸውን ደፉ።

የባለቤቴን ቁስል የሚያጥበው ድሬሰር፣ እሱም የቦርድ አባል ነበር፣ ብድግ አለ። «ይውጡ፤ እንደገና እንጸልያለን።»

ነጋዴው እየተነጫነጨ ወጣ፤ ፍራሹም ከሌላ ተገዛ። ያን ቀን ከጎኔ የቆመልኝ ያ ድሬሰር ብቻ ነው።